የእርሳሱ መስመር

ሳስካቱን ባሕር የላት፣ ያላት ስንዴ ብቻ፤
እሱም ከታጨደ የበረዶ ዘመቻ።
ግን ከእኔ ቤት በታች፣ በምድር ቤቱ ግርጌ፣
ኦሬስት ባሕር ነበረው፣ የሞላ በአልጌ።

ቀዩ እንደ ነበልባል ውሃ ውስጥ ይነዳል፣
ካውለርፓው ድንጋይ ላይ እንደ ሐረግ ይሄዳል።
ዓሣ የለበትም። የመጣ ሁሉ ግን
"ዓሣው የት ነው?" ብሎ ያንኳኳል መስታወቱን።
እሱም መቀሱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ
"ለዓሣ አይደለም" ይላል፣ አንገቱን ደፍቶ።

አርባ ዓመት ሙሉ ጎተራ ላይ ቆሞ
እህል የመዘነ፣ በአቧራው ታምሞ፣
ማዕበል በጆሮው አንድ ቀን ሳይሰማ
ጨው በባልዲ ገዝቶ፣ በውርጭ፣ በጨለማ፣
በተጣራ ውሃ በጥብጦ፣ ለክቶ፣
ሠላሳ አምስት ሲል ዝም ይላል ረክቶ።

"የባሕር አረም" ነው በአገሩ ቋንቋ ስሙ፤
በእኛ ግን የአረም ነገር "ንቀል" ነው ትርጉሙ።
እሱ ያበላዋል፣ መብራት ያበራለታል፣
ደለል ሲያለብሰው በብሩሽ ያብስለታል።

በጥቅምት መጨረሻ ደረጃው አንሸራቶት
ዳሌው ተሰበረ። አንሥተው ሲወስዱት
ቃሬዛው ላይ ሆኖ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣
ቁልፉን አስጨበጠኝ፣ አጥብቆ፣ አጥብቆ፦
"ልጆቼን ተያቸው። ውሃውን ጠብቂ።
ውሃ ነው የሚጎድል፣ ጨው አይጎድል፣ እወቂ።"

እኔ የአውቶቡስ ሹፌር፣ በሌሊት ፈረቃ፤
ቁልቋል እንኳ በእጄ ደርቆ የሚያበቃ።
ግድግዳው ላይ ጽፏል፦ "ከርክሚ ግማሹን፣
ካውለርፓው ከበዛ ያንቀዋል ቀዩን።
በጀርባው ከወደቀ ቀንድ አውጣውን አንሺው፤
ራሱን አያነሣም፣ ቀስ ብለሽ አቃኚው።"
ከሥሩ፣ በትልቁ፣ ሁለቴ አስምሮበት፦
"መብራቱ አይጥፋ፣ ቀንም ሆነ ሌሊት።"

እኔ ግን አጠፋሁት፣ ሦስት ሌሊት ሙሉ።
በቀን የሚተኙ ይህን ያውቁታል አሉ፣
መጋረጃ ሰንጥቃ ፀሐይ ስትወጋቸው
ዓይናቸውን ጨፍነው ጣራው የሚታያቸው።
አዘንኩለት። "እሱም ይተኛ ምስኪኑ" አልኩኝ፣
ልጅ እንደማስተኛ እጄን ወደ ማብሪያው ሰደድኩኝ።

በአራተኛው ንጋት፣ ጫማዬን ሳልፈታ፣
ብወርድ፣ አረንጓዴው የለም በቦታው፣ ጠፍታ
የቀረች ነፍስ ይመስል። ቅጠሉ የተሰለበ፣
ውሃው አረንጓዴ ወተት፣ ሌሊት የታለበ።

ደወልኩለት። እጄ ስልኩን ያንቀጠቅጣል።
"ኦሬስት፣ ገደልኩት።" ዝም። ይተነፍሳል።
"መብራት አጥፍተሻል?" "አዎ።" "ስንት ሌሊት?" "ሦስት።"
ሳቁ ስፌቱን ነካው። "ይሄ አይባልም ሞት።
ጨለማ ሲመጣበት ያለውን አውጥቶ
ይበትነዋል ውሃው ላይ፣ ገላውን ትቶ።
ዘርቶ ነው የሄደ። ይልቅ አሁን፣ በፍጥነት፣
ግማሹን ቀይሪ፣ ቀዩ እንዳይሞት።"

ባልዲ፣ ቱቦ፣ ባልዲ። ደረጃውን ስወጣ
ጨው ክንዴ ላይ ደርቆ ነጭ መስመር አወጣ።

ጥር ላይ ልጁ መጣች፣ ከኤድመንተን ነድታ፣
ካፖርቱን፣ ሬዲዮኑን ካርቶን ውስጥ አስገብታ፤
መስታወቱን አየች፣ በጥፍሯ አንኳኳች፣
"ዓሣው የት ሄዶ ነው?" ብላም ጠየቀች።
"ለዓሣ አይደለም" አልኩ፣ ድምፄ የእሱን መስሎ።
"መውሰድ አንችልም" አለች፣ ፊቷ ቀላ ብሎ።

ይኸው የእኔ ሆነ። ድንጋዩ ሥር ዛሬ
አንድ አረንጓዴ ክር፣ ቀጭን እንደ ፀጉሬ።
ከዘሩ ይሁን ወይ ከተረፈ ሥር፣
እኔ አላውቅ፤ ኦሬስትም አልነገረኝ ነበር።

ማታ ማታ፣ ሥራ ሳልገባ፣ እወርዳለሁ፣
የእርሳሱን መስመር ተንበርክኬ አያለሁ።
አንድ ጣት ጎድሏል። ውሃው ተንኗል፣
መስኮቱ ላይ ወጥቶ በረዶ ሆኗል።
ጨው ግን አይተንም፤ የትም አይሄድ ጨው፤
የምጨምረው እኔ የሄደውን ነው፣
በጆግ፣ ቀስ አድርጌ፣ መስመሩ እስኪነካ።
ቀንድ አውጣው ዛሬም በጀርባው ነው ለካ።
አንሥቼ አቃናሁት። መብራቱን ሳልነካ።